መልቲቱል ስትመርጡ የሚያሳስቱ አባባሎች እና እውነታው

መልቲቱል የሚባለውን ዕቃ ታውቁታላችሁ። ፒንሳ፣ ሰንጢ፣ ካቻቪቴ፣ መቀስ፣ ሞረድ፣ አንዳንዴም ትንሽ መጋዝ አንድ ላይ ተጣጥፈው ኪስ ወይም ቀበቶ ላይ ይያዛሉ። ሹፌሩ፣ ሞተረኛው፣ ዲሽ ሰቃዩ፣ የቤቱን ዕቃ ራሱ የሚጠግነው ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። ውጭ ላለ ዘመድም «ስትመጣ አንድ ይዘህልኝ ና» ይባላል። ችግሩ ሲገዛ የሚታየው ሌላ፣ ሥራ ላይ የሚፈተነው ሌላ መሆኑ ነው። ሱቅ ላይ ሰው ብዛቱን፣ የቢላውን ማብረቅረቅና ስሙን ያያል። ቤት ገብቶ አንድ ጠንከር ያለ ሽቦ ሲገጥመው ፒንሳው ይወላገድበታል፣ ገንዘቡንም ውኃ በላው። ሁልጊዜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«መሣሪያው በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ከሁሉም የተስፋፋው ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያስከስረውም ይሄው ነው። እስቲ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር እንዴት እንደሚቆጠር እንይ። የአሜሪካው ሌዘርማን ኩባንያ ዌቭ ፕላስ የሚባለው ሞዴል 18 መሣሪያ አለው ይባላል። ውሸት አይደለም። ግን ከ18ቱ 5ቱ እዚያው አንዱ ፒንሳ ላይ ያሉ ናቸው፦ ቀጭኑ ጫፍ አንድ፣ ሰፋ ያለው መካከሉ ሁለት፣ ሽቦ መቁረጫው ሦስት፣ የጠንካራ ሽቦ መቁረጫው አራት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፍ መጭመቂያው አምስት። እጀታው ላይ የተቀረጸው ማስመሪያም ራሱን ችሎ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ዌቭ ፕላስ በእርግጥ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ጥሩ ያደረገው ግን ቁጥሩ አይደለም። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃም በዚሁ አቆጣጠር ሳጥኑ ላይ የፈለገውን ያህል ሊጽፍ ይችላል።

ብዛት ራሱ የሚያስከፍለው ነገር አለ። እጀታው ውስጥ ያለው ቦታ ውስን ስለሆነ ብዙ ነገር ሲጠቀጠቅበት እያንዳንዱ ይሳሳል፣ ያጥራል። አንዱን በጥፍር ስትስቡት ጎረቤቱም አብሮ ይወጣል። ሱቅ ላይ መቀሱን ብቻ ለማውጣት ሞክሩ። ሁለት ሦስት ነገር ተከትሎት ከወጣ፣ እጃችሁ ግራሶ ነክቶት ወይም ጓንት አድርጋችሁ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ባለፈው ሳምንት ለየትኛው ሥራ የትኛውን ዕቃ እንደፈለጋችሁ አስታውሱና እነዚያ አራት አምስት ነገሮች በደንብ የተሠሩበትን ግዙ። ሌላው ትርፍ ነው።

«ዋናው ቢላው ነው»

አይደለም፣ ዋናው ፒንሳው ነው። ይሄን ዕቃ አሁን ባለው መልኩ ያስተዋወቀው ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአንዲት አሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞሩ መኪናዋ በየመንገዱ ትበላሽባቸው ነበር፣ ያደሩባቸው ርካሽ ሆቴሎች ቧንቧም ያስቸግራቸው ነበር። ሰንጢ ኪሱ ውስጥ ነበረው። ሁልጊዜ የሚያጣው ፒንሳ ነበር። ፒንሳ ያለው ሰንጢ ለመሥራት ዓመታት ለፋ፣ የመጀመሪያው ምርቱ ገበያ የወጣው በ1983 ነው። ቢላ ከየትም ይገኛል። ብሎን ይዞ የሚያዞር፣ ሽቦ ጠምዝዞ የሚቆርጥ ነገር ነው መንገድ ላይ የሚጠፋው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጊዜያችሁን ፒንሳው ላይ አጥፉ። ዝጉትና ወደ ብርሃን አንሱት። ሁለቱ ጫፎች በትክክል መግጠም አለባቸው። ከጫፉ ወደ ውስጥ ስስ ብርሃን ቢታይ ችግር የለውም፣ ጫፉ ላይ ከታየ ግን ቀጭን ነገር አይዝላችሁም። አንዱ ጫፍ ከሌላው ጎን ዘምበል ብሎ ከሆነ አስቀምጡት፣ አይስተካከልም። ከዚያ ስስ ወረቀት በጫፉ አስይዙና ሳቡ፤ መያዝ አለበት። መገጣጠሚያውን በግራና በቀኝ ነቅንቁት። አዲስ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ፒንሳ ሲያረጅ ምን ሊሆን ነው? መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አስይዛችሁ እጀታውን በሙሉ ጉልበት ጭመቁት። የእጀታው ጠርዝ መዳፋችሁን የሚቆርጥ ከሆነ ጠንከር ያለ ሥራ አትሠሩበትም፣ ታማችሁ ትተዉታላችሁ። ይሄ ሁሉ ባለ ሱቁ ፊት የሚያልቅ ነገር ነው፣ ማፈር አያስፈልግም።

ሽቦ መቁረጫውም ሁሉን ሽቦ አይችልም። መዳብና አሉሚኒየም ለስላሳ ናቸው። የሞላ ሽቦ፣ የጊታር ክር፣ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ግን ጠንካራ ብረት ነው፤ በተራው መቁረጫ ከቆረጣችሁት ስለቱ ላይ ጥርስ የመሰለ ሽራፊ ይተውለታል። ከዚያ በኋላ ለስላሳውንም በወጉ አይቆርጥም። ለጠንካራ ሽቦ የተለየ ቦታ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ሥራችሁ ሽቦ የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ መቁረጫው በብሎን ተፈትቶ የሚቀየርበትን ዓይነት ፈልጉ። ዌቭ ፕላስ ላይ እንደዚያ ነው፣ ለእኔም ከ18ቱ ቁጥር ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

«እጀታው ላስቲክ ስላለው ኤሌክትሪክ አይዘኝም»

ይሄኛውን እባካችሁ በጥሞና አንብቡት። መልቲቱል ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ነው። አንዳንዱ እጀታው ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ እንዳያንሸራትት እንጂ ኤሌክትሪክ እንዲከላከል አይደለም። በጎኑ፣ በማጠፊያው፣ በብሎኖቹ በኩል ጣታችሁ ብረት ይነካል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፣ ሰው ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ የተሠሩ ፒንሳዎችና ካቻቪቴዎች 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍና የሁለት ትሪያንግል ምልክት ይኖርባቸዋል፣ ተፈትነው ነው የሚወጡት። የኪስ መልቲቱል ላይ ይሄን ምልክት አትጠብቁ። ሶኬት ልትከፍቱ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ ቀጥሎ በቴስተር አረጋግጡ። «ትንሽ ነገር ናት፣ ቶሎ እጨርሳለሁ» ብሎ መብራት እንዳለ በመልቲቱል መነካካት በሕይወት መጫወት ነው።

«ስቴንለስ ስለሆነ አይዝግም»

ይዝጋል። አንድ ብረት ስቴንለስ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮም ሊኖረው ይገባል። ክሮሙ ላዩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ዝገትን የሚያዘገየውም እሱ ነው። ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። ለቢላ የሚሆን ስቴንለስ ስለት እንዲይዝ ካርቦን ስለሚበዛበት ከማንኪያና ሹካ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ጨው ዋና ጠላቱ ነው። ላብ ጨው አለው። ጅቡቲ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ያላችሁ ደግሞ አየሩ ራሱ ጨውና እርጥበት ይዞ ነው የሚመጣው። ሎሚ ቆርጣችሁበት ሳታጥቡ አጥፋችሁ ኪስ ከከተታችሁት ነጠብጣቡን ታዩታላችሁ። እጠቡት፣ ከፍታችሁ በደንብ አድርቁት፣ ማጠፊያዎቹ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣሉ። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም፣ ቆይቶ ይጣበቅና ማጠፊያውን ያደርቀዋል። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት በቂ ነው።

«ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል»

እንደ መሳያችሁ ነው። ጠንካራ ብረት ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ሲደንዝ ግን ለመሳል ያስቸግራል፣ ጎኑን ስትጫኑትም ከመጉበጥ መሸረፍ ይቀናዋል። ሌዘርማን ውድ ሞዴሎቹ ላይ ኤስ30ቪ የሚባል ብረት አድርጓል። ጥሩ ብረት ነው፣ ግን በደንብ ለመሳል የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ በተቃራኒው የሰንጢዎቹን ብረት ሮክዌል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ያቆመዋል። ቶሎ ይደነዝዛል ብለው የሚያሙት አሉ። ግን በማንኛውም መሳያ ድንጋይ ጥቂት ደቂቃ ከሳላችሁት ይመለሳል። ቤታችሁ ያለው ተራ ድንጋይ ከሆነ ለናንተ የሚሻለው ይሄኛው ነው።

«መቆለፊያው ጌጥ ነው»

ካቻቪቴውን ብሎን ላይ ተጭናችሁ ስታዞሩ ወይም በመጋዙ ቅርንጫፍ ስትቆርጡ ጉልበቱ ወደ መታጠፊያው ይመለሳል። መቆለፊያ ከሌለው በጣታችሁ ላይ ይታጠፋል። ቢላው ብቻ ተቆልፎ ሌላው የማይቆለፍ ሞዴልም አለ፣ ስለዚህ እያንዳንዱን አውጥታችሁ ጀርባውን በልኩ ጫን በማለት አረጋግጡ፣ ጣታችሁን ከስለቱ መንገድ አርቁ እንጂ። ብዙዎቹ የቪክቶሪኖክስ ትንንሽ ሰንጢዎች መቆለፊያ የላቸውም። እነሱ ለቀላል ሥራ ናቸው፣ ለዚያ ደግሞ ምንም አይወጣላቸውም።

«ካቻቪቴ ያው ካቻቪቴ ነው»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ እዩ። ጫፉ የሚነቀል ከሆነ የምን ልክ ነው? ሌዘርማን ለራሱ የሠራው ጠፍጣፋ ጫፍ አለ፤ ከጠፋባችሁ ሠፈር ያለው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ አታገኙትም። ባለ ስድስት ጎኑና 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ለድሪል የሚሸጠው ተራው ጫፍ ነው፣ የትም አለ። ይሄንን የሚቀበል ወይም ማገናኛ ያለው ከሆነ አንድ ጫፍ ስለጠፋ ዕቃው ሥራ አይፈታም።

«ትልቁን ግዛ፣ ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን ይተካል»

አይተካም። በፒንሳ የጠበቀ ዳዶ ልትፈቱ ከሞከራችሁ ማዕዘኑ ተበልቶ ክብ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መፍቻም አይዘውም። እንደ መዶሻ ከመታችሁበት ደግሞ ማጠፊያው ይላላል። መልቲቱል ሳጥኑ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ሆኖ እናንተ ሌላ ቦታ ስትሆኑ የሚያወጣችሁ ነው። ለዚህ ደግሞ አብሯችሁ መሆን አለበት፣ አብሯችሁ እንዲሆን ከተፈለገ ክብደቱ መታየት አለበት። ዌቭ ፕላስ 241 ግራም ነው። የዚያው ኩባንያ ሰርጅ ከ330 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ስኬልቱል ደግሞ 142 ግራም ብቻ። ትልቁ ቀበቶ ላይ ለሚያደርግ ቴክኒሻን ተገቢ ነው። ቢሮ ለሚውል ሰው ግን ሱሪው ኪስ ውስጥ ይከብደዋል፣ በሁለተኛው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቀላሉና ትንሹ ለእሱ ይበልጣል።

«ስሙ ካለበት ኦሪጅናል ነው»

ስም ማተም ቀላል ነው። ፌኩን የሚያጋልጠው አሠራሩ ነው፦ የተዛባ ጽሑፍ፣ ያልተሞረደ ሻካራ ጠርዝ፣ ሲከፈት አንዱ ጠብቆ ሌላው ልል መሆን፣ በትክክል የማይቀመጥ ብሎን። ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ ከቀነሰም ጠርጥሩ። ፌክ ከሆነ ዋስትናው አይሠራም። ሌዘርማን ለመልቲቱሎቹ የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፣ ቪክቶሪኖክስም የብረትና የአሠራር ጉድለትን የዕድሜ ልክ ይሸፍናል። ሁለቱም ግን በአያያዝ ጉድለት የተሰበረውን አይሸፍኑም። ኢትዮጵያ ላላችሁ ደግሞ ዕቃውን ወደ ውጭ የሚልክላችሁ ሰው ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ዋስትናውን ብቻ ተማምናችሁ ውድ ዋጋ አትክፈሉ። ብሎኖቹ የሚፈቱ ከሆኑ እዚሁ የሚጠግነው ባለሙያ አይጠፋም። በሪቬት፣ ማለትም በማይፈታ ምስማር የተመታ ከሆነ ግን አንዴ ከላላ አይጠብቅም።

«ትንሽ ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ያልፋል»

ይሄ በተለይ ለሚልኩና ለሚያመጡ። በአሜሪካ ኤርፖርቶች ቢላ ያለው መልቲቱል ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን አውሮፕላን ውስጥ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ቢላ የሌለው ሆኖ ርዝመቱ ከ7 ኢንች፣ ማለትም 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልበለጠ ይፈቀዳል፣ እዚያም ቢሆን የመጨረሻው ቃል የፈታሹ ነው። መንገድ ላይ አውሮፕላን የምትቀይሩ ከሆነ ሌላው ኤርፖርት የራሱ ሕግ አለው። በጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ማድረግ ነው፣ አለቀ።

አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ መንገድ ላይ መያዙም ሕግ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚቻለው የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ ነው። ቅድም ያመሰገንኩት የሚቆለፍ ቢላ እዚያ እንደ ሥራ ያለ ምክንያት ይፈልጋል። ጀርመንም በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ቢላ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞርን ትከለክላለች። ከሥራ ስትወጡ ከሥራ ዕቃችሁ ጋር አስቀምጡት፣ ቅዳሜ ማታ ጃኬት ኪስ ውስጥ አይቆይ።