ስለ ከባድ መኪና መገልበጥና ከልክ ያለፈ ጭነት በወሎ መንገዶች የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ እንግዳ አይሆንበትም። ከባድ መኪና በተገለበጠ ቁጥር «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አደጋው የተጀመረው ኩርባው ላይ ሳይሆን መኪናው ጭነት ሲጭን በቆመበት ግቢ ውስጥ ነው።

«ክብደት ሲበዛ መኪናው መሬት ይይዛል»

ባዶ መኪና ሲንገጫገጭ፣ የተጫነው ደግሞ ተረጋግቶ ሲሄድ ስለሚታይ ይህ አባባል እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ መኪናን ከመገልበጥ የሚያድነው ክብደቱ ሳይሆን፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ካለው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ማለቱ ነው። ካሶኒው ላይ አንድ ረድፍ ኩንታል በተደረበ ቁጥር ማዕከሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጎማዎቹ ስፋት ግን ያው ነው። ቁልል አድርጎ የጫነ ከባድ መኪና የጠቅላላ ክብደቱን 35 በመቶ ገደማ የሚያህል የጎን ግፊት ብቻ ሊገለብጠው ይችላል፤ ይህም ሬዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ ሲሰላ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በዚያው ኩርባ በዚያው ፍጥነት የሚታጠፍ የቤት መኪና ምንም አይሆንም፤ ከኋላ ሆኖ ጥሩምባ የሚነፋው ባለ አውቶሞቢል የከባድ መኪናው ሾፌር ለምን እንደሚጎተት የማይገባውም ለዚህ ነው። ከዚህም በላይ የጎን ግፊቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ ከ30 ወደ 40 ኪሎ ሜትር መጨመር ግፊቱን በ78 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ተሳቢ የሚጎትት ሾፌር ደግሞ በኩርባው የውስጥ ጎን ያሉት የተሳቢው ጎማዎች ከአስፋልቱ ሲነሡ በመሪው ላይ ላይሰማው ይችላል፤ በመስታወት ሲያየው ጊዜው አልፏል።

ጭድ የጫነውን አይሱዙም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ጭዱ በሚዛን ላይ ቀላል ቢሆንም ቁመቱ ያው አደጋ ነው።

«ዳገቱን የወጣ መኪና ቁልቁለቱ አያቅተውም»

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚያጠፋው ይህኛው ይመስለኛል። ዳገት ላይ አቅም ያነሰው መኪና ይዘገያል ወይም ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ ግን አቅም የሚያጣው ፍሬኑ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ መኪና ይህን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ 700 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ማርሽ ገብቶ ሞተሩ መኪናውን በመያዝ ካልተካፈለው ይህ ሁሉ ሙቀት በጥቂት የፍሬን ታምቡሮች፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞሩና ሸራው ተጭኖ በሚይዛቸው ክብ ብረቶች ላይ ያርፋል፤ ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ የሸራውም የመያዝ አቅም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ይረገጣል፣ ፍሬኑን የሚገፋው አየርም አለ፣ መኪናው ግን አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የተበጠሰ ነገር የለም፣ ከቀዘቀዘ በኋላም ሲፈተሽ ፍሬኑ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በመኪናው ጠቅላላ ክብደት ላይ 25 በመቶ የጨመረ ሰው ሙቀቱንም 25 በመቶ ጨምሯል፤ ታምቡሩን ግን አላሳደገውም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽን ዜሮ አድርጎ መውረድ የዚሁ ስሕተት ታናሽ ወንድም ነው። ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚወረድበት ጊዜ የናፍጣ ሞተር ፓምፑ ነዳጅ መርጨቱን ያቋርጣል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መቀበል ግድ ይለዋል። ስለዚህ ቁጠባውም የለም። ከባዱ ማርሽ መግባት ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሹ አልገባም ሊል ይችላል፣ ያን ጊዜም የሞተር ፍሬኑ ከነጭራሹ ይታጣል። በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ታምቡሩን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ቆሞ በራሱ እስኪበርድ መጠበቅ ይሻላል።

«ባሌስትራ ስላስጨመርኩ ችግር የለም»

የተጨመረው ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ፣ መኪናው እንዳይተኛ ያደርጋል፤ አክሱሉን፣ ጎማውንና ፍሬኑን ግን አያጠነክርም። እንዲያውም መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ሾፌሩንም ተቆጣጣሪውንም ያዘናጋል።

«ቦቴው ግማሽ ስለሆነ አያሰጋም»

ግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሙሉው የቀለለ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በኩርባ ላይ ወደ ውጭው ጎን ስለሚዘልቅ መኪናውን አብሮ ይገፋዋል። ሰኞ ከባቲ ገበያ ከብት ወይም ግመል ጭኖ የሚወጣ መኪናም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ እንስሳቱ ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ባልታሰበ ሰዓት ወደ አንድ ጎን ይገፋፋሉ፣ ካሶኒው በመካከሉ ካልተከፋፈለም የሚያግዳቸው የለም።

«ጭነቱ የሾፌሩ ጉዳይ ነው»

ብዙ ጊዜ «20 ኩንታል ብቻ ጨምርልኝ» የሚለው ባለ ዕቃው ነው። ሃያ ኩንታል 2 ቶን ነው። የታችኛው ረድፍ ቀድሞ ስለሞላ፣ ያ 2 ቶን የሚቀመጠው ሁልጊዜ ከሁሉም በላይ ነው።