ጋት ምንድን ነው?

“አንድ ጋት መሬት” ከምንለው ጋት ጋር ዝምድና የለውም። ይሄኛው የሂንዲ ቃል ነው፤ ወደ ወንዝ የሚያወርድ የድንጋይ ደረጃ ማለት ነው። በሰሜን ህንድ፣ ጋንጀስ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ቫራናሲ ከ80 በላይ ጋቶች አሏት። ካሺም ባናራስም የሚሏት ይህችኑ ከተማ ነው።

ደረጃው ለምን አስፈለገ? ወንዙ አንድ ቦታ አይረጋማ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲወርድ ውሃው በብዙ ሜትር ያድግና ደረጃውን ይውጠዋል። ያኔ ከጋት ጋት በዳር በዳር መሄድ አይቻልም፤ ጀልባም ይከለከላል። ሲጎድል ደግሞ ደለሉን ትቶ ይሄዳል፤ ሠራተኞች በጎማ ውሃ እየረጩ ያጥቡታል። ደረጃ ካለ ግን ወንዙ ቢሞላም ቢጎድልም እግር ውሃ ይነካል።

ጋቶቹ የተደረደሩት በምዕራቡ ዳር ነው። ማዶው አሸዋ ነው። ጋንጀስ በጥቅሉ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል፤ እዚህ ግን ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ደረጃውን የሚወርድ ሰው ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። እስከ ወገቡ ይገባል፣ በሁለት እጁ ውሃ ይዘግናል፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ መልሶ ያፈሰዋል። ለሂንዱ አማኝ ጋንጋ፣ ማለትም ጋንጀስ፣ እናት ናት፣ አምላክም ናት፤ ኃጢአት ታጥባለች።

ማታ ማታ ግርግሩ ዳሻሽዋሜድ ጋት ላይ ነው። ካህናቱ ተደራራቢ የነሐስ መብራት እያዞሩ ለወንዟ ይሰግዳሉ። ቦታ ለማግኘት ቀደም ብሎ መሄድ ነው።

ማኒካርኒካ ጋት ግን ሌላ ነው። ሌት ተቀን አስከሬን ይቃጠልበታል። ማገዶው እንደ ጤፍ በሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል። ካሺ ላይ የሞተ ዳግም ከመወለድ ነፃ ይወጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ እዚያው ለመሞት ብለው የሚመጡ አሉ። እዚህ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ልቅሶ ላይ ናችሁ።

በሌሎቹ ጋቶች ላይ ልብስ ድንጋይ ላይ እየተወቀጠ ይታጠባል፣ ጎሽ ይነከራል፣ ልጆች ክሪኬት ይጫወታሉ።

ሆቴል ስትይዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት “የቱ ጋት አጠገብ ነው?” ብላችሁ ነው። የአሮጌው ከተማ መንገድ ቀጭን ነው። ባጃጅ፣ ያው የምናውቀው ባጃጅ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ ወዲያ ሻንጣ ተሸክሞ በእግር ነው።