ስለ የካቲት 12 እና ስለ ወረራው ዘመን የሕዝብ ቁጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሶሊኒ፣ በእንደራሴው በግራዚያኒ እና ከዳር ቆመው በተመለከቱት የአውሮፓ መንግሥታት ላይ ያደረበት ቁጣ በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ይታወሳል። መታወሱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ቀን ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚነገር ብዙ ነገር ተዛብቶ ቀርቷል። ከሁሉ የሚከፋው ያ ቁጣ ዕውር ነበር የሚለው ግምት ነው። ሕዝቡ ማን ምን እንዳደረገበት ለይቶ ያውቅ ነበር።

«ቁጣው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በድንገት የገነፈለ ነው።»

አብርሃ ደቦጭ እና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የስድስት ኪሎ ግቢ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በወረወሩበት ዕለት አዲስ አበባ ከተያዘች አሥረኛ ወሯን ይዛ ነበር። ከዚያ በፊት በሰኔ 1928 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ቦናያ ላይ ያረፉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮ ተገድሏል። በሐምሌ አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ገብተው ተዋግተዋል፤ በዚያው ሰሞን አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለጠላት እንዳይገዛ በማውገዛቸው በአደባባይ ተረሽነዋል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ካሣ ልጆች አበራ እና አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገድለዋል። ይህ የመጨረሻው ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም፤ የኢጣሊያ ሹማምንት ቃል ዋጋ እንደሌለው ለብዙዎች ያረጋገጠው እርሱ ነውና። አብርሃ ራሱ በኢጣሊያኖች መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር የገዢዎቹን አነጋገርና አሠራር ከውስጥ ያውቀው ነበር። በመኪናው የረዳቸው ስምዖን አደፍርስ ተይዞ በሥቃይ ሞቷል፤ ስሙ ከሁለቱ እኩል አለመነሣቱ ያሳዝናል።

«ከቦምቡ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ በመሪያቸው መቁሰል የተናደዱ ወታደሮች የስሜት እርምጃ ነው።»

ይህ አባባል ሲደጋገም ከመስማት የተነሣ ኢትዮጵያውያን ጭምር ይቀበሉታል፤ የቀኖቹ ቅደም ተከተል ግን ይቃወመዋል። ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. የተማረኩ «ዓመፀኞች» ሁሉ እንዲረሸኑ አዘዘ፤ ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ በዓመፀኞችና በተባባሪዎቻቸው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በሥርዓት እንዲካሄድ ለግራዚያኒ በቴሌግራም ፈቀደ። ሁለተኛው ትእዛዝ ቦምቡ ከመወርወሩ ከሰባት ወራት በፊት የተላለፈ ነው። በየካቲት 12 ዕለትም ሲቪል ኢጣሊያውያንንና ጥቁር ሸሚዞች የሚባሉትን የፋሺስት ሚሊሻዎች በሕዝቡ ላይ ያሰማራው የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ጸሐፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሰዎች በአካፋና በዱላ ተደብድበው ሲሞቱ፣ ጎጆዎችም ነዋሪዎቻቸው በውስጥ እንዳሉ ሲቃጠሉ፣ ግድያው ከላይ ፈቃድ እንዳለው የማያውቅ ገዳይ አልነበረም። ከሟቾቹ መካከል ለኔፕልስ ልዑል መወለድ በዓል ምጽዋት ይሰጣል ተብለው ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡ አረጋውያን፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ዝቅ ያለ ግምት አቅርበዋል። ዝቅተኛው ግምት እንኳ የሺዎችን ሞት የሚናገር ስለሆነ በቁጥሩ ላይ የሚደረገው ክርክር የድርጊቱን ጠባይ አይለውጠውም።

«ሽብሩ ሕዝቡን ዝም አሰኘው።»

ግራዚያኒ ራሱ እንደዚያ አላመነም። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና በየአገሩ እየዞሩ የሚተርኩ ሰዎች የኢጣሊያ አገዛዝ ሊያበቃ ነው እያሉ ያወራሉ በሚል ተይዘው እንዲገደሉ አደረገ፤ ትንቢትና ወሬ ያስፈራው ገዢ ጸጥታ አግኝቻለሁ ሊል አይችልም። በግንቦት ወር ቦምብ ወርዋሪዎቹን አስጠግተዋል በማለት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጀ፤ በራሱ ሪፖርት መጀመሪያ 297 መነኮሳት፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ተገድለዋል፤ ኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ውጤቱ ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ። ከከተማው ያመለጡ ወጣቶች ዱር ቤቴ አሉ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ላስታ፣ ከዚያም ጎጃም ተነሣ፤ ከተማ የቀሩት የውስጥ አርበኞች መረጃና ስንቅ እያሾለኩ ይልኩ ጀመር። በ1930 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ግራዚያኒን አንሥቶ የአኦስታውን መስፍን ሾመ።

«የውጭው ዓለም ደንታ አልነበረውም።»

መንግሥታቱና ሕዝቦቻቸው መለየት አለባቸው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር እና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለኢጣሊያ የሚሰጥ ውል በምስጢር ተስማሙ፤ ነገሩ በፈረንሳይ ጋዜጦች ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ቁጣ እጅግ ስለበረታ ሆር ወዲያው ሥልጣኑን ለቀቀ። በሃርለም ጥቁር አሜሪካውያን ሰልፍ ወጡ፤ ለንደን ውስጥ ሲልቪያ ፓንክረስት ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቋመች። ቁጣው ሚኒስትር አስወረደ፤ የስዊዝን ቦይ ለማዘጋትና የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣሊያ ላይ በጣለው ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅን ለማስገባት ግን አልበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው፤ በቀጣዩ ወር የመንግሥታቱ ማኅበር ያንን ደካማ ማዕቀብ እንኳ አነሣ። ኢትዮጵያውያን በጄኔቫ ላይ የያዙት ቂም የመነጨው ከዚህ ነው።

«ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ብዙ ፋሺስቶችን ገድሎ እዚያው ወደቀ።»

ወጣቱ ኤርትራዊ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተዘርፎ ሮም በቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ ሰይፍ መዝዞ ሰዎች ማቁሰሉ የታወቀ ነው። ሆኖም ወዲያው አልተገደለም፤ ኢጣሊያኖች ፍርድ ቤት ከማቅረብ ይልቅ እብድ ነው ብለው በሲሲሊ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ዘጉበት፤ እዚያም በ1937 ዓ.ም. ሞተ። የፖለቲካ ቁጣን በሽታ ብሎ መሰየም ለገዢዎቹ የሚጠቅም ዘዴ ስለነበር እውነተኛው ታሪክ ከአፈ ታሪኩ የበለጠ ይከብዳል።

«ግራዚያኒ ለሥራው ተፈርዶበታል።»

በ1942 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ክሱ ግን ከጀርመን ናዚዎች ጋር መተባበሩን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ በወራት ውስጥም ተፈታ። ስለ የካቲት 12፣ ስለ ደብረ ሊባኖስና በጦርነቱ ስለተረጨው መርዝ ጋዝ ማንም ፍርድ ቤት አቁሞ አልጠየቀውም፤ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ጥያቄም ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሮም አቅራቢያ በምትገኘው አፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሲሠራለት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለተቃውሞ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው።