የተመላሽ ወታደር አእምሮ በልብ ወለድ፦ የአዲስ አበባ ዳርቻ እንደ መቼት

ጦርነት የወታደርን አእምሮ እንዴት እንደሚጎዳ የሚተርክ ልብ ወለድ የሚፈተነው ግንባር ላይ ሳይሆን ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ለዚህ የአዲስ አበባ ዳርቻ የተመቸ መቼት ነው። በአምቦ መንገድ በ1969 ዓ.ም. ለሶማሊያው ጦርነት ሚሊሺያ የሠለጠነበት ታጠቅ ጦር ሰፈር ይገኛል፤ በዚያው አቅጣጫ የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ፤ በሰሜን ደግሞ የእንጦጦ ጠበሎች። መዝመቻውና መታከሚያው ጎረቤት ናቸው።

ሕመሙ እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርለስ ማየርስ በጻፈው ጽሑፍ «ሼል ሾክ» (የመድፍ ድንጋጤ) በሚል ስም ታወቀ። የዛሬው ስያሜ፣ ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም)፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ልብ ወለድ ቀድሞ ደርሶበታል፦ በቨርጂኒያ ዎልፍ «ሚስስ ዳሎዌይ» (እ.ኤ.አ. 1925) ሴፕቲመስ የተባለው ተመላሽ ወታደር የሞተ አለቃው ይታየዋል፣ ሐኪሙ ግን «ምንም አልሆንክም» ባይ ነው። የእኛው «ኦሮማይ» (በዓሉ ግርማ፣ 1975 ዓ.ም.) ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በጋዜጠኛ አንደበት ስለሚተርክ የተራው ወታደር ውስጥ በብዛት ከውጭ ይታያል።

ሐኪሞች ምልክቶቹን በአራት ይከፍላሉ፦ ያለፈው ሳይጠሩት መምጣቱ፣ አስታዋሹን ነገር መሸሽ፣ የስሜት መደንዘዝና ራስን መውቀስ፣ ሁሌ ነቅቶ መጠበቅ። ከ1 ወር በላይ ካልቆዩ ሕመሙ ይህ ነው አይባልም፤ አንዳንዴም ሙሉ መልኩን የሚይዘው ከ6 ወር በኋላ ነው። ጸሐፊዎች ከአራቱ የመጀመሪያውን ብቻ ይወዱታል፤ የኋላ ታሪክ ለመንገር ስለሚያመች። በድርሰታቸው ቅዠቱ እንደ ዜና ዘገባ ቀንና ቦታ ይዞ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተሰድሮ ይመጣል። እውነተኛው ግን ቁርጥራጭ ነው፦ የተቃጠለ ጎማ ሽታ፣ አንድ ፊት፣ የላብ ድንገት መውረድ።

መሸሽና መጠበቅ የበለጠ ያስተርካሉ። ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ከተበተነ ከዓመታት በኋላም ሠፈሩ «ሃምሳ አለቃ» እያለ የሚጠራው ሰው ሻይ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን እያየ ይቀመጣል። ከተኛ ልጆቹ ነክተው አይቀሰቅሱትም፤ ከበር ሆነው «አባባ» ይላሉ።

ድምፅ ከቦታው መምጣት አለበት። ሰዓቱ የታወቀ የድንጋይ ካባ ፍንዳታ ቀስ በቀስ ይለመዳል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንገት የሚወርድ በረዶ ግን አይለመድም። ከሁሉም የከፋው ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ስለሚፈጥን የሚያሰማው ጩኸት ከጥይት ብዙ አይለይም። ሃምሳ አለቃው ቦይ ውስጥ ተደፍቶ ይገኛል፣ ከዚያም ልጆቹ እያዩት «ጫማዬን ላስር ብዬ ነው» ይላል። ይህ እፍረት ከመደንገጡ ይበልጣል፤ ብዙ ድርሰት ግን መደንገጡ ላይ ያቆማል።

ሌላው ስሕተት ሕመምተኛውን ሁሉ ደብዳቢ ማድረግ ነው። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፣ ሥራ ይለቃሉ፣ ይጠጣሉ። መጠጡ ለመተኛት ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ያስተኛና ሌሊት ላይ መልሶ ይቀሰቅሳል።

ፈውሱም በአንድ ምዕራፍ አያልቅም። የተለመዱት መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ የንግግር ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል። ቤተሰብ አስቀድሞ ጠበል መውሰዱ እውነት ስለሆነ በታሪኩ መግባቱ ተገቢ ነው። ጸሐፊዎች የሚዘሉት ጠበል ላይ ሳለ ክኒን ሲቋረጥ የሚመጣውን ማገርሸት፣ አብሮም ሚስቲቱ ከካህኑና ከሐኪሙ መካከል የምትገባበትን ጣጣ ነው።