ስታዲየምና አካል ጉዳተኛ ደጋፊዎች፦ ሲደጋገሙ እውነት የመሰሉ አመለካከቶች

የጣና ሞገዶቹ፣ የባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ፣ በሜዳቸው በሚጫወቱበት ዕለት ባሕር ዳር ከረፋዱ ጀምሮ ትደምቃለች። ወደ ስታዲየሙ በሚተመው ሕዝብ መካከል ግን በዊልቸር የመጣ፣ በክራንች የሚሄድ ወይም ነጭ በትር የያዘ ደጋፊ ጥቂት ነው። ለምን ሲባል የሚሰጡት መልሶች አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ናቸው። ከቅን ልብ የመነጩ አሉባቸው፤ ጉዳታቸው ግን በዚህ አይቀንስም።

«ለኳስ ብዙም ፍላጎት የላቸውም፤ ቢኖራቸው ይመጡ ነበር።»

በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠው ስለ አሰላለፍ የሚከራከሩ አካል ጉዳተኞች ስታዲየም ሲሆን የሚቀሩት ፍላጎት አጥተው አይደለም። ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ ናት፤ ብስክሌት የለመደባት። ለዊልቸርና በእጅ ለሚነዳው ባለሦስት ጎማ እንዲህ የተመቸ መሬት ያላቸው የአገራችን ከተሞች ብዙ አይደሉም። እንቅፋቱ ከመሬቱ ሳይሆን ከመጓጓዣውና ከግንባታው ነው። ባጃጅ ውስጥ ዊልቸር ታጥፎ ካልሆነ አይገባም፤ አንዳንዱ ሹፌር ገና ሲያየው ያልፋል። በር ላይ ግፊያ አለ። ግፊያውን ያለፈ ደረጃ ይጠብቀዋል። ደረጃውን በሰው ሸክም የወጣ ደግሞ መጸዳጃ ቤት የለውም። ስለዚህ ለመውጣት ሲያስቡ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ የማይጠጡ ሰዎች አሉ፤ ያውም በባሕር ዳር ፀሐይ። ከመጓጓዣው፣ ከበሩ፣ ከመወጣጫውና ከመጸዳጃ ቤቱ አንዱ ከተጓደለ የቀረው ሁሉ ቢመቻች ዋጋ የለውም።

«ራምፕ ከተሠራ ነገሩ አለቀ።»

ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) ስለተባለ ብቻ መውጫ አይሆንም። በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ 1 ለ 12 ነው፤ አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፣ በመሀል ማረፊያና የእጅ መደገፊያ ተጨምሮ። ከዚያ ያጠረው ራምፕ ሲወጡት ያደክማል፣ ሲወርዱት ይጥላል። በእጅ የሚነዳው ባለሦስት ጎማ ደግሞ ከዊልቸር ይረዝማል፣ ይሰፋልም፤ ለእሱ በሩ አጠገብ ማቆሚያና ከዚያ ወደ ውስጥ የሚወስድ የስታዲየሙ ዊልቸር ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚረሳው የእይታ መስመር ነው። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ግቦቹ ሲቆጠሩ ማን ተቀምጦ ቀረ? በዊልቸር ላይ ያለ ሰው ዓይን ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ከፊቱ ያለው ሰው ሲነሣ የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። የዊልቸር ቦታ የፊተኛው ረድፍ ቆሞ እንኳን በላዩ ሜዳው እስኪታይ ድረስ ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። ይህ ካልሆነ ደጋፊው የሚናፍቃትን ደቂቃ መርጠን እየነጠቅነው ነው።

«በመሮጫው ትራክ ላይ፣ ሜዳው አጠገብ ብናስቀምጣቸው ክብርም ነው፣ ይቀርባልም።»

ይህን የሚሉት ሰዎች በጎ ልብ አላቸው፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ከመሬት እኩል ሆኖ የሚያይ ሰው የሜዳው ጥልቀት ይጠፋበታል፤ ወዲያኛው ክንፍ ላይ የሚሆነውን አይለይም። የማስታወቂያ ሰሌዳውና ሰውነታቸውን የሚያሟሙቁት ተቀያሪዎች ይጋርዱታል። ዝናብ ቢመጣ መጠለያ የለውም፤ የተመታ ኳስ ቢመጣበት ፈጥኖ አይሸሽም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ከወንድሙ፣ ከጓደኛው፣ ከአስጨፋሪውና ከዝማሬው ተለይቶ መቀመጡ ነው። ቦታው በደጋፊው መካከል፣ ከአንድ በላይ በሆነ አቅጣጫና ጥላ ባለበትም መሆን አለበት፤ አጠገቡም ለአጃቢው ወንበር።

«ማየት የተሳነው ሰው ስታዲየም ገብቶ ምን ያገኛል?»

ድምፁን ያገኛል፤ ጥቃቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር የሕዝቡ ድምፅ አብሮ ሲዞር ይሰማል። የሚጎድለው ዝርዝሩ ነው። ለዚህ በብዙ አገሮች በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ገላጭ ስርጭት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚሉ የዓለም ዋንጫም በአንዳንድ ስታዲየሞች ተሰጥቷል። ገላጩ ስለ ተጫዋቹ የዝውውር ዋጋ አያወራም፤ ኳሱ የት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ በየት በኩል እንደሚሄድ ይናገራል። የአማርኛ የሬዲዮ ኳስ አስተላላፊዎች ይህን ሙያ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ስርጭቱ ዘግይቶ ከደረሰ ግን ሕዝቡ ከጮኸ በኋላ ግቡን መስማት ይሆናልና ከስታዲየሙ ውስጥ በቀጥታ በአጭር ርቀት ማሰራጫ መሰጠት አለበት።

መስማት የተሳናቸውስ? በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ሁሉ፣ በተለይ የአደጋ ማስጠንቀቂያው፣ በስክሪን በጽሑፍ ይውጣ።

«በነጻ እናስገባቸዋለን፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

ትኬት ገዝቶ የሚገባበት ቦታ። በነጻ ገብቶ ደረጃ ሥር የሚቀር ሰው ምንም አልተሰጠውም። ነጻ መሆን የሚገባው የአጃቢው ትኬት ነው፤ ያለ እሱ ጨዋታውን ማየት የማይችል ሰው ሁለት መክፈል የለበትም።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው።»

የራሳችን ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃ ቤትም እንዲዘጋጅላቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 30 የስፖርት ሥፍራዎችን በስም ጠቅሷል።

ወጪውም ቢሆን የሚከብደው ግንባታው ካለቀ በኋላ ለማፍረስ ሲባል ነው። ስለዚህ የማንኛውም ስታዲየም እድሳት ንድፍ ከመጽደቁ በፊት የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አይተው አስተያየት ይስጡበት። ሲሚንቶ የማይጠይቀው ደግሞ ከሚቀጥለው ጨዋታ ጀምሮ ይቻላል፦ አንዱን በር ከግፊያው በፊት ቀድሞ መክፈት፣ ባጃጅ እስከዚያ በር ድረስ እንዲገባ መፍቀድ፣ የትኛው በር እንደሆነ ከጨዋታው ቀደም ብሎ በሬዲዮ መናገር፣ አስተናባሪዎችም የሰው ዊልቸር ከመንካታቸው በፊት «ልርዳዎት?» ብለው እንዲጠይቁ ማሠልጠን።