አተንቦሮ ማለት ምን ማለት ነው? ብርቅ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከየት መጥቶ የት ተሠራጨ?

የዱር እንስሳት ዘጋቢ ፊልም የሚወድ ሰው የሰር ዴቪድ አተንቦሮን ድምፅ ወዲያው ይለያል። ወንድማቸው ሪቻርድ አተንቦሮ (1923–2014፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ በተዋናይነትና በፊልም አዘጋጅነት የታወቁ ነበሩ። በሁለቱ ዝና የተነሣ ስሙ በእንግሊዝ አገር የትም የሚገኝ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አተንቦሮ ብርቅ ስም ነው፤ ሥሩም በምሥራቅ ሚድላንድስ፣ በኖቲንግሃምሸርና በጎረቤቷ ደርቢሸር ዙሪያ ነው። እንዲህ ያለ ስም ለአጥኚ ትልቅ ዕድል ነው። «ስሚዝ» የሚለው ስም ብረት ቀጥቃጭ በነበረበት መንደር ሁሉ ስለ በቀለ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የአተንቦሮን መነሻ ግን ከሞላ ጎደል በጣት ማመልከት ይቻላል።

በመጀመሪያ የእንግሊዞች የስም ሥርዓት ከእኛ የሚለይበትን ነጥብ እንያዝ። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ የልጅ ልጅ ሲወለድ የቅድመ አያት ስም ከመታወቂያው ይወርዳል። እንግሊዝ አገርም ቀድሞ ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ መጀመሪያ ባለርስቶች፣ ቀስ በቀስም ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ተራው ሕዝብ፣ የአንድ ሰው መለያ የነበረው ቅጽል ሳይቀየር ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ስም ሆነ። ስለዚህ ዛሬ አተንቦሮ የሚባል ሰው የያዘው ከ600 ወይም ከ700 ዓመት በፊት ለአንድ ገበሬ የወጣለትን መጠሪያ ነው።

የቃሉ ትርጉም ሁለት መንገድ አለው፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ የቦታ ስም ነው። ከኖቲንግሃም ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በትሬንት ወንዝ ዳር፣ አተንቦሮ የሚባል መንደር አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ስሙ «አዲንግቡርክ»ን በሚመስል መልክ ይገኛል። «ቡርህ» በጥንቱ እንግሊዝኛ የታጠረ ስፍራ፣ ምሽግ ማለት ነው። የፊተኛው ክፍል የሰው ስም ነው፤ አዳ ወይም ኤዲ የሚባል ሰው። ስለዚህ መንደሩ «የአዳ ቅጥር» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ መንደሩን አይፈልግም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «አተን» ማለት «እዚያ … ዘንድ» ማለት ነው። በአሽ ዛፍ አጠገብ የሚኖር ሰው «አተን አሽ» ይባል ነበር፤ ኋላ የ«አተን» መጨረሻ ድምፅ ወደ ዛፉ ተሻገረና ናሽ የሚባል የቤተሰብ ስም ወጣ። በኦክ ዛፍ አጠገብ የሚኖረውም በዚሁ መንገድ ኖክስ ሆነ። በዚህ አካሄድ «አተን ቦሮ» በቅጥሩ ወይም በምሽጉ ዘንድ የሚኖር ሰው ማለት ሊሆን ይችላል። ቅጥርና ምሽግ ደግሞ በመላው እንግሊዝ ሞልቷል።

መዝገበ ቃላት ብቻውን ይህን ክርክር አይፈታውም፤ የሚፈታው ካርታ ነው። ስሙ «በቅጥሩ ዘንድ» ከሚለው የመጣ ቢሆን ኖሮ በተራራቁ አውራጃዎች፣ በየቅጥሩ ዙሪያ፣ እርስ በርስ የማይዛመዱ ትንንሽ ክምችቶች እናገኝ ነበር። የምናገኘው ግን አንድ ክምችት ነው፤ እሱም ተመሳሳይ ስም ካለው መንደር አጠገብ ነው። በእርግጥ ሌሎቹ መስመሮች ወንድ ልጅ አጥተው ጠፍተው አንዱ ብቻ ተርፎ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ክምችቱ ከዚያው መንደር ጎን መገኘቱ ሚዛኑን ወደ ቦታ ስም ያጋድላል። እኔም የምይዘው ይህንኑ ነው።

«ከመንደሩ ጎን» ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው የቦታ ስም የያዘ ቤተሰብን መነሻ ሲፈልግ በቀጥታ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይሮጣል፤ ባዶ እጁንም ይመለሳል። ነገሩን በእኛው አነጋገር ብናየው ይቀላል። መንዝ ውስጥ ማንንም «መንዜው» ብለው አይጠሩም፤ ሁሉም መንዜ ነውና። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሲሄድ ነው «መንዜው» የሚባለው። እንግሊዞቹም እንዲሁ ናቸው። አንድ ሰው አተንቦሮ የተባለው ከአተንቦሮ ወጥቶ ሌላ መንደር ሲሰፍር ነው። ስለዚህ የስሙን የመጀመሪያ ባለቤቶች መፈለግ ያለብን ከመንደሩ ዙሪያ፣ በአንድና በሁለት ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ነው።

ለዚህ የአተንቦሮዋ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ራሷ ምስክር ናት። በ1611 በዚያ ደብር የተጠመቀው ታዋቂ ሰው፣ የኦሊቨር ክሮምዌል አማችና ጄኔራል የነበረው ሄንሪ፣ የቤተሰብ ስሙ አየርተን ነው። አየርተን ደግሞ በደርቢሸር ያለ የሌላ ስፍራ ስም ነው። አተንቦሮ መንደር ውስጥ የሚኖረው ቤተሰብ የጎረቤት ካውንቲን (እንደ አውራጃ ያለ ክልል) ቦታ ስም ይዟል፤ የአተንቦሮ ስም የያዙት ደግሞ በሌላ መንደር ይኖራሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የብርቅ ስም ሥርጭት የሚጠናው ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። ዋናው መሠረት የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ አፕሪል 3፣ እሑድ ሌሊት እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ያደረ ሰው የተመዘገበበት። ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒዩተር ስለ ተገለበጠ በአንድ ፍለጋ የመላ አገሩን ባለ ስሞች ማውጣት ይቻላል። ገጹን በዓይን ማየት ግን የግድ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ መንገዱና ቤቱ፣ ስም፣ ከቤቱ ራስ ጋር ያለው ዝምድና፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ከዚያም የትውልድ ቦታ ተደርድረዋል። ዕድሜው ላይ ብዙ ጊዜ ወፍራም ጭረት ታያላችሁ፤ ቆጠራውን የደመሩ ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ቁጥር ሲያረጋግጡ ያሰመሩት ነው፤ 3ን 8 አስመስሎ ያሳስታል። ለሥርጭት ጥናት ከሁሉ የሚበልጠው የትውልድ ቦታው ዓምድ ነው። ለንደን የሚኖር አተንቦሮ ኖቲንግሃምሸር ተወለድኩ ካለ፣ በካርታው ላይ ሁለት ነጥብ ሰጠን ማለት ነው።

የሰዎቹን ቁጥር እንዳለ ካርታ ላይ ማስፈር ትልቅ ስሕተት ነው። እንበልና በአንዱ ካውንቲ 60፣ በሌላውም 60 ባለ ስሞች ተገኙ። የመጀመሪያው 400,000፣ ሁለተኛው 4,000,000 ሕዝብ ቢኖረው ድርሻው እኩል አይደለም። ባለ ስሞቹን ለካውንቲው ሕዝብ አካፍሎ በ100,000 ማባዛት ነው፤ በመጀመሪያው 15፣ በሁለተኛው 1.5 ይመጣል። ለንደን ሁልጊዜ በጥሬ ቁጥር ስለምትበልጥ ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው የአገሩን ስም ሁሉ ለንደን የበቀለ ያደርገዋል።

ከ1881 ወደ ኋላ 1851 አለ። እሱም የተወለዱበትን ደብር ይጽፋል። የ1841ዱ ግን ደካማ ነው፦ የሚለው በዚሁ ካውንቲ ተወለደ ወይስ አልተወለደም ብቻ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ዕድሜም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች በ5 ያጠጋጋዋል፤ የ39 ዓመት ሰው 35 ተብሎ ታገኙታላችሁ። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የጀመረው በጁላይ 1837 ነው። ከዚያ በፊት ያለው የደብር መዝገብ ነው፤ በ1538 ታዝዞ የተጀመረ፣ ብዙው የመጀመሪያ ጥራዝ የጠፋ። ጥራዙ ከጠፋ ከ1598 ጀምሮ በየዓመቱ ለጳጳሱ የተላከው ግልባጭ አንዳንዴ ክፍተቱን ይሞላል።

ለዚህ ስም የተለየ አንድ እንቅፋት አለ። መንደሩ ለካውንቲ ወሰን ቅርብ ነው፤ የኤርዋሽን ወንዝ ተሻግሮ ደርቢሸር በእግር የሚደረስበት ነው። ሁለቱ ካውንቲዎች ግን በሁለት ሀገረ ስብከት ሥር ነበሩ፦ ኖቲንግሃምሸር እስከ 1837 በዮርክ፣ ደርቢሸር በሊችፊልድ። በመሆኑም ወንዝ ብቻ የለያቸው የሁለት ወንድማማቾች ኑዛዜ በሁለት በተራራቁ ከተሞች ሊገኝ ይችላል። አንዱን ቤተ መዛግብት ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ቤተሰብ ጥሎ ይሄዳል።

ከደብር መዝገብ በፊት ያለው የግብር ጽሑፍ ነው። የ1377፣ የ1379ና የ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ስም ይዘረዝራል፤ ከ1662 እስከ 1689 የተሰበሰበው የምድጃ ግብር ደግሞ የቤቱን ባለቤትና የምድጃውን ብዛት ይጽፋል፤ ለአንድ ምድጃ በዓመት ሁለት ሺሊንግ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ዊልያም ዘ-አተንቦሮ» ዓይነት ጽሑፍ ብታገኙ የሚወረስ ስም ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሰውየው ከዚያ መጣ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ልጁም በዚያው ስም ተጠርቶ ስታገኙ ያኔ የቤተሰብ ስም ሆኗል።

አጻጻፉስ? የስሙ መጨረሻ ኦ-ዩ-ጂ-ኤች በሚሉ አራት ፊደላት ይጻፋል፤ ሲነገር ግን እጅግ ያጥራል፤ «አተንብራ» ወደሚል ድምፅ ይጠጋል። ጸሐፊው የሰማውን ስለሚጽፍ መጨረሻውን ኦ-ደብልዩ ያደረጉ፣ «አተንበሪ» ያሉም አሉ። ከዚህ የባሰው የገልባጮች ስሕተት ነው። በፈጣን የእጅ ጽሑፍ ሁለቱ ቲ አግድም መስመራቸው ከቀረ ሁለት ኤል ይመስላሉ፤ አተንቦሮ «አለንቦሮ» ሆኖ ይገለበጣል። ስለዚህ «በዚህ ደብር የለም» ከማለት በፊት በዚህም መልክ ፈልጉ።

ሥርጭቱ ለረጅም ጊዜ ብዙም አልራቀም። የትሬንት ሸለቆ እርሻ ነበረው፤ በዙሪያው የካልሲ ሹራብ ሥራና የዳንቴል ፋብሪካ፣ በኤርዋሽ በኩል ደግሞ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር። እንጀራ በቅርብ ሲገኝ ሰው አይርቅም። በ1839 ከኖቲንግሃም ወደ ደርቢ የተዘረጋው ባቡር በመንደሩ አጠገብ ካለፈ በኋላ መንገዱ አጠረ። ለንደን ውስጥ ግን ከዚያም ወዲያ የማይዘነጋ ቅርንጫፍ አለ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አተንቦሮ የሚለው ስም በወለድ አገድ ሱቆች በር ላይ የታወቀ ነበር። ጥቂት ሱቆች ስሙን በከተማው ሁሉ ስላሳወቁት ብቻ የለንደን ስም የሚመስለው ሰው አለ።

የጽሑፉ ማስረጃ የሚያልቅበት ላይ ዲኤንኤ ይቀጥላል። ወንድ ብቻ የሚይዘው የዲኤንኤ ክፍል፣ ዋይ ክሮሞዞም፣ እንደ እንግሊዞች የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባሳተሙት ጥናት 40 የቤተሰብ ስሞች ያሏቸውን 1,678 ወንዶች መርምረዋል። ስሚዞች እርስ በርሳቸው ከማንም መንገደኛ የበለጠ አልተዛመዱም። ከአተንቦሮዎቹ ግን ከአስሩ ዘጠኙ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ዋይ ክሮሞዞም ተገኘባቸው፤ ወደ አንድ አባት ይመለሳሉ ማለት ነው። «በቅጥሩ ዘንድ» የሚለውን የብዙ መነሻ ሐሳብ ያዳከመው ከካርታው ቀጥሎ ይህ ነው።

ቀሪዎቹስ ሐሰተኞች ናቸው? አይደሉም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ የእናቱን ስም ይዟል፤ የእንጀራ ልጅ የእንጀራ አባቱን፣ የማደጎ ልጅ ያሳደገውን። በየትውልዱ እንዲህ ያለው 2 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ከ20 ትውልድ በኋላ የመጀመሪያውን ዋይ ክሮሞዞም የያዙት ወደ 67 በመቶ ይወርዳሉ፤ 0.98ን 20 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው። አተንቦሮዎች ከዚህ በላይ መያዛቸው አንድም እንዲህ ያለው የስም ዝውውር ትንሽ መሆኑን፣ አንድም ወንድ ልጅ የበዛለት አንድ መስመር ሌሎቹን መዋጡን ያሳያል። በብርቅ ስም ላይ ይህ ሁለተኛው ኃይለኛ ነው፤ ሴት ልጆች ብቻ የወለደ አባት ስሙ ከእሱ ጋር ያልቃል።

ስም ብቻውን የሰውን ጥንተ ዘር እንደማይነግር የሚያሳይ ሌላ የሌስተር ጥናት አለ። በ2007 በታተመው ጥናት፣ ብርቅ የሆነ የዮርክሸር ስም ካላቸው 18 ወንዶች 7ቱ ከዚያ በፊት በምዕራብ አፍሪካውያን ብቻ የታየ የዋይ ክሮሞዞም ዓይነት ተገኝቶባቸዋል። የትውልድ መስመራቸው ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እዚያው ዮርክሸር ያደርሳል። ስሙ እንግሊዛዊ ነው፤ ከቀደሙት አባቶች አንዱ ግን ከአፍሪካ ወገን ነበር። ስሙን የተቀበለው ልጅ ከእናቱ ወገን ይሁን በሌላ መንገድ፣ የደብሩ መዝገብ አይነግርም።

እንግዲህ ለንደን የተወለደ አንድ አተንቦሮን ሐረግ የሚከታተል ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከ1881 ወደ 1851 ወርዶ የትውልድ ደብሩን ማንበብ፣ ደብሩ ኖቲንግሃምሸር ከሆነ የዮርክን ኑዛዜ፣ ደርቢሸር ከሆነ የሊችፊልድን መፈለግ፣ በሁለቱም በኩል «አለንቦሮ»ን ጨምሮ ማየት። ሁለት ቅርንጫፎች በጽሑፍ አልገናኝ ካሉ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ወንድ፣ እርስ በርስ በጣም የማይቀራረቡ፣ ዋይ ክሮሞዞማቸውን ያስመርምሩ። ከአንዱ ቤት ሁለት ወንድማማች ማስመርመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መልሳቸው አንድ ነውና።