ባይንድ ምንድን ነው? ነባሩን ፈንክሽን አይነካውም

ባይንድ (bind) በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ አንድን ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ከአንድ ኦብጀክት (መረጃና ፈንክሽን አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል) ጋር ለማያያዝ የሚጠቅም ትእዛዝ ነው። «ባይንድ ካደረግከው በኋላ ፈንክሽኑ የኦብጀክቱ ሆኗል» የሚለው አባባል ጎንደር ውስጥ ኮድ በሚማሩ ልጆች አፍ ላይ ሳይቀር ገብቷል። ግማሹ ስህተት ነው፤ ሰዓት የሚበላውም ያ ግማሽ ነው።

በጃቫስክሪፕት «ዚስ» (this፣ ፈንክሽኑ የሚሠራበትን ኦብጀክት የሚያመለክት ቃል) በተለመደው ፈንክሽን የሚወሰነው ፈንክሽኑ በተጻፈበት ቦታ ሳይሆን በተጠራበት መንገድ ነው። ለባጃጅ ነጂ ደውላችሁ «እዚህ ነኝ፣ ና» ስትሉት፣ ፒያሳ ከቆማችሁ «እዚህ» ፒያሳ ነው፤ አዘዞ ካላችሁ አዘዞ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ ቦታውን የሚሰጠው ተናጋሪው ነው። ዚስ ያ «እዚህ» ነው።

ፒያሳ የሚባል ኦብጀክት እንያዝ፤ ውስጡ «ስም» የሚባል ጽሑፍና ዚስ.ስምን ኮንሶል (የብራውዘሩ የመልእክት መስኮት) ላይ የሚያወጣ «ንገር» የሚባል ፈንክሽን አለ። (ጃቫስክሪፕት የግዕዝ ፊደል ስሞችን ይቀበላል።) ፒያሳ.ንገር() ስንል ከነጥቡ በስተግራ ያለው ዚስ ይሆናል። ፈንክሽንን ቆይቶ በሚያስጠራው ሴትታይምአውት(ፒያሳ.ንገር, 1000) ስንል ግን ያቀበልነው ፈንክሽኑን ብቻ ነው፤ ነጥቡ አብሮት አይሄድም። ከ1 ሰከንድ በኋላ ብራውዘሩ ሲጠራው ዚስ ዊንዶው (የብራውዘሩ ዋና ኦብጀክት) ይሆንና አንዲፋይንድ («ዋጋ የለውም» ማለት ነው) ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኤክማስክሪፕት 5 (የጃቫስክሪፕት ደረጃ 5ኛ እትም) የገባው ባይንድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፒያሳ.ንገር.ባይንድ(ፒያሳ) አዲስ ፈንክሽን ሠርቶ ይመልሳል፤ «እዚህ ማለት ፒያሳ ነው» ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ ለመልእክተኛ እንደ መስጠት። መልእክተኛው አዘዞ ሆኖ ቢያነበውም ፒያሳ ነው።

«ባይንድ ማለት ማሰር አይደል እንዴ?» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ነው፤ የታሰረው ግን አዲሱ ነው፣ ነባሩ እንደተፈታ አለ። ስለዚህ ፒያሳ.ንገር.ባይንድ(ፒያሳ) ብሎ ውጤቱን ሳይዙ ወደ ቀጣዩ መስመር ማለፍ፣ ወረቀቱን ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው። ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም።

በተጻፈው ወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ መጻፍ አይቻልም፤ ሁለተኛ ባይንድ፣ ወይም ዚስ መርጠው ፈንክሽኑን ወዲያው የሚጠሩት ኮልም ሆነ አፕላይ የመጀመሪያውን ዚስ አይለውጡም። የሚያልፈው ኒው (new፣ አዲስ ኦብጀክት የሚያሠራው ቃል) ብቻ ነው፤ በእሱ ሲጠራ የታሰረው ዚስ ቸል ይባላል። አሮው ፈንክሽን (በ=> ምልክት የሚጻፈው) የራሱ ዚስ ስለሌለው ባይንድ ዚሱን አይቀይርለትም።

ከሁሉ የሚብሰው በአድኢቨንትሊስነር (ክሊክ ሲደረግ የሚጠራ ፈንክሽን፣ ማለትም ሊስነር፣ በሚያስገባው ትእዛዝ) ላይ የሚሠራው ስህተት ነው። «ንካ» የሚባለውን ፈንክሽን ሲያስገቡ ዚስ.ንካ.ባይንድ(ዚስ)፣ በሪሙቭኢቨንትሊስነር ሲያወጡም ዚስ.ንካ.ባይንድ(ዚስ) ይጽፋሉ። ቃላቸው አንድ ቢሆንም ሁለት ወረቀቶች ናቸው። ብራውዘሩ የሚፈልገው ያንኑ ወረቀት ስለሆነ ምንም አያወጣም፤ ገጹ ሳይታደስ ያ ኮድ በተደጋገመ ቁጥር ሊስነር ይደራረብና አንድ ክሊክ ሦስት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ክፍል) ውስጥ አንድ ጊዜ ዚስ.ንካ = ዚስ.ንካ.ባይንድ(ዚስ) በሉና በሁለቱም ቦታ ዚስ.ንካን ራሱን ስጡ።